ባናው ይቅር፣ ነጠላሽ ይግባ

የምክር ዓምድ

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። 29 ዓመቴ ነው፤ ሥራዬ ግብርና ላይ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ወደ ሕንድ፣ ላዳክ ውስጥ ወዳለችው ሌህ ከተማ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና እሄዳለሁ። በዚያ ብርድ በፀሐይ ሙቀት ብቻ አትክልት እንዴት እንደሚያበቅሉ ለማየት ነው። የቸገረኝ ሻንጣው ነው። እናቴ ባና፣ ሁለት ጋቢ፣ የአባቴን በርኖስ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ቋንጣ፣ ቅቤና ሽሮ አዘጋጅታ ጨርሳለች። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ደግሞ ‹በረሃ ነው እኮ የሚሉት፤ አፋር እንደሚሄድ ሰው ቀለል በዪ› ትለኛለች። ከዴልሂ ወደ ሌህ የሚወስደኝ አውሮፕላን ከ15 ኪሎ በላይ አይፈቅድም። ሌላም አለ። አንድ ጊዜ ጮቄ ወጥቼ ራሴን ክፉኛ አሞኝ ነበር። ቤተሰቦቼ ‹ደገኛ ነሽ፣ ምንም አትሆኚም› ይላሉ። እውነት ነው? ምን ልያዝ፣ ምን ልተው?

ጓዟ የበዛባት፣ ከደብረ ማርቆስ»

ውድ እህቴ፣

በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። እንዲህ ያለ ዕድል ሁልጊዜ አይገኝም። ሻንጣ ደስታሽን እንዲያበላሽብሽ አልፈልግምና የማውቀውን ሁሉ እነግርሻለሁ።

እናትሽም ጓደኛሽም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ቦታው ብርድ ነው። በረሃም ነው። ላዳክ ከሂማላያ ተራሮች ጀርባ ያለ አገር ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሳው የክረምት ዝናብ የተራሮቹን ደቡባዊ ፊት ያረጥብና እዚያው ያልቃል። ተሻግሮ ሌህ የሚደርሰው በጣም ጥቂት ነው። በዓመት የሚጥለው ዝናብና በረዶ አንድ ላይ ተደምሮ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ማርቆስ ግን በዓመት ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። የእኛ የሐምሌ ዝናብ ብቻውን የእነሱን የዓመት ድርሻ ይበልጣል።

እና ሻንጣሽን ከመክፈትሽ በፊት አንድ ነገር ያዢልኝ። ብርዱን ታውቂዋለሽ። የማታውቂው ድርቀቱንና የአየሩን መሳሳት ነው። እናትሽ ያዘጋጁልሽ ጓዝ በሙሉ ለብርዱ ነው። ለድርቀቱና ለከፍታው የተዘጋጀ አንድም ነገር የለበትም። ሰውን እዚያ አገር የሚጥሉት ደግሞ በአብዛኛው እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ብርዱም ቢሆን የእኛው ዓይነት አይደለም። የእኛ ብርድ እርጥብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማርቆስ የምንንዘፈዘፈው ዝናቡ፣ ጭቃውና ጉሙ ተጨምሮበት ነው። የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ይሰነብታል። ስለዚህ የጎጃም ሰው ወፍራም ልብስ ይደርብና ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ያዋጣዋልም። ሌህ ላይ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ደመና የለም። ቀን ፀሐዩ ይጠብሳል፤ ማታ ደግሞ ምድሩ ቀን የያዘውን ሙቀት የሚያስቀርለት ነገር ስለሌለ ቶሎ ይቀዘቅዛል። በኅዳር ቀን ላይ 7 ወይም 8 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ሌሊት ከዜሮ በታች እስከ 7 ዲግሪ ይወርዳል፤ ከዚያም የሚብስበት ሌሊት አለ። ፀሐይ ላይ ተቀምጠሽ ጃኬትሽን ታወልቂያለሽ። ሁለት እርምጃ ወደ ጥላ ስትገቢ መልሰሽ ትለብሻለሽ። ቀኑን ሙሉ እንደዚህ ነው የሚዋለው።

የአንቺ ሥራ ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። ያ አትክልት የሚበቅልበት ቤት በሦስት በኩል ግድግዳው የጭቃ ጡብ ነው። በደቡብ በኩል ፀሐይ እንዲገባ ላስቲክ ይወጠርበታል። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል፤ ውጭው በረዶ ሆኖ ውስጥ ቆስጣና ሰላጣ ይበቅላል። (ከሮብ ገበያ በላይ ላሉ ገበሬዎች እንዲህ ያለ ነገር ይሠራ ይሆን እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ስትመለሺ ይህንን ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።) እኩለ ቀን ላይ ውስጡ ሞቃትና እርጥብ ነው። አልቦሽ ትወጫለሽ፤ ደጁ ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ ይጠብቅሻል። በባና ተጠቅልሎ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ስለዚህ መርሑ ስስ ስስ ልብስ መደራረብ ነው። ቶሎ የሚወልቅ፣ ቶሎ የሚለበስ።

ከሥጋሽ ጋር የሚነካካው ልብስ ጥጥ አይሁን። ጥጥ ላቡን ይጠጣና ይዞት ይቆያል፤ ሥራ አቁመሽ ቆም ስትዪ ያ እርጥበት ያበርድሻል። ስስ ሱፍ ካገኘሽ እሰየው። ካላገኘሽ የስፖርት ቲሸርትና ታይት የሚሠራበት ፖሊስተር ይበቃል። ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት ያዢ። አንዱን ለብሰሽ ሌላውን ታጥቢያለሽ። አየሩ በጣም ደረቅ ስለሆነ ማታ ክፍልሽ ውስጥ ያሰጣሽውን ስስ ልብስ ጠዋት ደርቆ ታገኚዋለሽ። ድርቀቱ የሚጠቅምሽ እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ቅያሪ መሸከም አያስፈልግሽም።

ከዚያ በላይ አንድ ሹራብ፣ ወይም ፍሊስ የሚሉት ለስላሳ ጃኬት። ከእሱ በላይ ደግሞ ውስጡ በላባ ወይም በሰው ሠራሽ ሙሌት የተሞላ፣ ቆብ ያለው ጃኬት። ገንዘብሽን የምታወጪ ከሆነ በዚህኛው ላይ አውጪ። ሲታጠፍ ትንሽ ይሆናል፣ አይከብድም፣ ሙቀቱ ግን ከበርኖሱ አያንስም። ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ሳልቫጅ ከሚሸጡት ዘንድ ብትፈልጊ ከአውሮፓ ክረምት የመጣ ደህና ጃኬት በተመጣጣኝ ዋጋ ይገኛል። ስትገዢ ዚፑን እስከ ላይ ዝጊና ክፈቺው። ጃኬቱን በእጅሽ ጨምቀሽ ልቀቂው። ተመልሶ ከተነፋ ሙሌቱ ደህና ነው። እንደተጨመቀ ከቀረ ተዪው፤ አያሞቅሽም። ካላገኘሽ ዴልሂ ላይ ማጅኑ ካ ቲላ የሚባል የቲቤቶች ሰፈር አለ፤ እዚያ የብርድ ልብስ በርካሽ ታገኛለሽ። ሌህ ስደርስ እገዛለሁ ብለሽ ግን አትሂጂ። አንቺ በምትደርሺበት ጊዜ የቱሪስቱ ወቅት አልፎ ብዙ ሱቆች ይዘጋሉ። ደግሞም ከአውሮፕላን እንደወረድሽ የሚያስፈልግሽ ልብስ ነው።

ሱሪ ሁለት ይበቃሻል። ከሥሩ ታይት እንዲገባ ሰፋ ያለ ይሁን። ጂንስ ከወደድሽ አንዱ ጂንስ ቢሆን ችግር የለውም፤ ዝናብ የለም፣ አይረጥብም። ጃንጥላውንና ቦቲውን ቤት ተዪ። እግርሽን በሚመለከት ግን አደራ እልሻለሁ። ጫማሽ ሁለት ካልሲ ደርበሽ ጣቶችሽ እንደልብ የሚንቀሳቀሱበት ይሁን። ጫማ ሲጠብ ደም በደንብ አይዘዋወርም፤ እግር የሚበርደውም ያኔ ነው። የምትገዢ ከሆነ ወደ ማታ ሄደሽ፣ ካልሲዎቹን ለብሰሽ ለኪው። የሱፍ ካልሲ ሦስት ወይም አራት ጥንድ ያዢ። ለቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ አይቅርብሽ። ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያና ሁለት ጓንት፣ ማለትም ስስና ወፍራም፣ ጨምሪ። ስስ ጓንት ከሌለሽ ስልክ በነካሽ ቁጥር ወፍራሙን እያወለቅሽ እጅሽ ይደነዝዛል።

አሁን ወደ ባናው እንምጣ። ባና ሱፍ ነው፤ ለብርድ ሱፍን የሚያህል የለም። እናትሽ አልተሳሳቱም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተፈተነ ነገር ነው የሰጡሽ። ግን አንድ ባና ብቻውን ከ15 ኪሎው ላይ ብዙ ይወስዳል፤ የአባትሽ በርኖስ ሲታከልበት ሻንጣው ሞላ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ሚዛን ካለ ወይም ሰፈር ካለው ሱቅ ወስደሽ በፊታቸው መዝኚው። ያኔ ራሳቸው ይፈርዳሉ። ላዳክ ውስጥ ወፍራም ብርድ ልብስ የሌለው ቤት የለም። አስተናጋጆችሽን አሁኑኑ ጻፊላቸውና ምን ያህል ብርድ ልብስ እንደሚሰጡሽ፣ ክፍልሽ ማሞቂያ እንዳለው ጠይቂ። መልሱን ለእናትሽ አንብቢላቸው። እናት የምታርፈው እንዲህ ስትሰማ ነው። ከጋቢዎቹ አንዱን ግን ውሰጂ። ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ትከሻሽ ላይ። አውሮፕላን ላይ ትለብሽዋለሽ፤ ሌህ ማታ ማታ ክፍል ውስጥ ትደርቢዋለሽ። ኪሎም አይቆጠርብሽም።

እናትሽ ያላሰቡት፣ እኔ ግን ያለ እሱ አትሂጂ የምልሽ ነጠላሽን ነው። አፍና አፍንጫሽን በነጠላ ስትሸፍኚ የምታስወጪው ትንፋሽ ጨርቁን ትንሽ ያረጥበዋል፤ የምትስቢው አየር በዚያ እርጥበት አልፎ ይገባል። ጉሮሮሽ አይደርቅም፣ አፍንጫሽ አይደማም። አቧራውን ይከለክልልሻል። እኩለ ቀን ላይ አንገትሽንና ፊትሽን ከፀሐይ ያስጥላል። ሄሚስ ወይም ቲክሴ ወደሚባሉት ገዳሞቻቸው ከወሰዱሽም ከራስሽ ላይ አውርደሽ ትከሻሽን ሸፍነሽበት ብትገቢ የክብር ነው። እዚያም እንደ እኛ ቤተ ክርስቲያን ጫማ ይወልቃል። ወለሉ ቀዝቃዛ ነውና ያን ቀን ወፍራሙን ካልሲ አድርጊ።

ድርቀቱን አቅልለሽ አትዪው። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ የጣት ጫፍ ይከፈታል፣ ፊት ይላጣል። ቫዝሊን በትልቁ ዕቃ ያዢ። የከንፈር ቅባት አንዱ ኪስሽ ውስጥ፣ አንዱ አልጋሽ ሥር ይሁን። ማታ ከመተኛትሽ በፊት ከአፍንጫሽ በር ውስጥ ትንሽ ቫዝሊን ቀቢ። የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ጨረሩን የሚከለክል ጥሩ መነጽርም የግድ ነው። የፀሐይ ጎጂ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቆዳችን ጠይም ነው ብሎ መዘናጋት አለ፤ ፀሐዩ ጠይም ቆዳንም ያቃጥላል። ዓይንን ደግሞ የቆዳ ቀለም አያድነውም። ፀጉርሽን ተሠርተሽ ሂጂ፤ ሻሽና የፀጉር ዘይት ያዢ። ሌህ በብርድ ወራት ውሃ ቧንቧ ውስጥ እየረጋ ይቸግራል። በየቀኑ ገላ መታጠብ አይታሰብም፤ በባልዲ ሙቅ ውሃ ይሰጡሻል። እርጥብ ሶፍት በብዛት ያዢ። ሞዴስም ከምትገምቺው በላይ ያዢ፤ በጉዞና በከፍታ ጊዜው ሊዛባ ይችላል።

ፔርሙዝ መያዝም አትርሺ። በዚያ ደረቅ አየር ትንፋሽሽ ብቻውን ብዙ ውሃ ያወጣል፤ ብርድ ስለሆነ ግን ጥማት አይሰማሽም። ሙቅ ውሃ አጠገብሽ ካለ ትጠጫለሽ። ቀዝቃዛ ከሆነ ትተይዋለሽ። ማታ ደግሞ በደንብ የሚከደን የብረት ኮዳ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ፣ በካልሲ ጠቅልለሽ እግርሽ ሥር አስገቢው።

አሁን ዋናው ጥያቄሽ። «ደገኛ ነሽ፣ ምንም አትሆኚም» እውነት ነው ወይ?

ደገኛነትሽ ይጠቅምሻል እንጂ አይበቃሽም። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ሌህ 3,500 ሜትር ላይ ናት። የባሕር ዳርቻ ላይ ያለውን አየር ሙሉ ብንለው፣ ማርቆስ ሦስት አራተኛውን፣ ሌህ ሁለት ሦስተኛውን ገደማ ታገኛለች። ሰውነትሽ ሦስት አራተኛውን ለምዷል። ይህ ከዴልሂ ነዋሪ በጣም ይሻላል። ችግሩ መንገድሽ ነው። ዴልሂ 200 ሜትር አካባቢ ናት። ከዚያ ተነስተሽ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ 3,500 ሜትር ላይ ትገኛለሽ። መኪና ቢሆን ሰውነት በየመንገዱ እየለመደ ይወጣ ነበር፤ አውሮፕላን ይህን ዕድል አይሰጥም። ስለዚህ ዴልሂ ብዙ ቀን አትቀመጪ። ደጋ የለመደ ሰውነት ቆላ ሲከርም ልምዱን ቀስ በቀስ ይተዋል።

ጮቄ ላይ ራስሽን ማመሙም ይህንኑ ይነግርሻል። ከማርቆስ ተነስተሽ በአንድ ቀን 4,000 ሜትር አካባቢ ስትደርሺ ሰውነትሽ ጊዜ አላገኘም። ድክመት አይደለም፤ ጎበዝ ስፖርተኛም ያገኘዋል። አንድ ጊዜ ያመመው ሰው ግን በሌላ ጊዜም ሊያመው ስለሚችል፣ ይህን ለሐኪም ሳትነግሪ እንዳትሄጂ። የደም ማነስ፣ አስም ወይም የልብ ችግር ካለብሽ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ ይህንንም ንገሪ። አሴታዞላማይድ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ዳይሞክስ ብለው ይጠሩታል። በአብዛኛው ለመከላከያ የሚታዘዘው 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ነው፤ ከመውጣትሽ አንድ ቀን በፊት ይጀመራል። ፋርማሲው «ይሄ የዓይን ግፊት መድኃኒት ነው» ቢልሽ አትደንግጪ፤ ለዚያም ያገለግላል። ጣት ይወጋጋል፣ ሽንት ያበዛል። ሰልፋ ያለባቸው መድኃኒቶች የማይስማሙሽ ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድመሽ ተናገሪ። በራስሽ ገዝተሽ እንዳትጀምሪው።

ከመድኃኒቱ በላይ ግን የሚያድንሽ እረፍት ነው። ሌህ በደረስሽ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ምንም አትሥሪ። ሥልጠናው በማግሥቱ የሚጀምር ከሆነ አሁኑኑ ጻፊና ቀንሽ እንዲስተካከል ጠይቂ። ማንም አያፍርብሽም፤ የአገሩ ሰው ራሱ እንግዳውን እንዲያርፍ ያዝዛል። ደረጃ ቀስ ብለሽ ውጪ። ሻንጣሽን ሌላ ሰው ይሸከምልሽ። መጠጥ አትቅመሺ፤ የእንቅልፍ ኪኒንም አትዋጪ። ቡና የለመድሽ ከሆነ ግን መጠጣት ትችያለሽ። ትንሽ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ የተቆራረጠ እንቅልፍ የተለመደ ነው፤ ፓራሲታሞል ወስደሽ ማረፍ ነው። እያረፍሽ ካልተሻለሽና ከባሰብሽ ወደ ሐኪም ሂጂ። ቁጭ ብለሽ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ሳል ከበረታብሽ፣ ስትራመጂ ከተንገዳገድሽ ወይም ነገር ከተምታታብሽ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቂ። ሌህ ውስጥ ሶናም ኖርቡ የሚባል የመንግሥት ሆስፒታል አለ። ይህን በሽታ በደንብ ያውቁታል፤ ኦክስጅንም ይሰጣሉ። ክፍል የምትጋሪያት ሰው ካለች እነዚህን ምልክቶች ንገሪያት፤ ሰው ሲምታታበት ለራሱ አይታወቀውም።

እንግዳ ወዳድ ስለሆኑ በመጀመሪያው ሳምንት ፓንጎንግ ሐይቅን እናሳይሽ ሊሉሽ ይችላሉ። ሐይቁ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ካርዱንግ ላ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ ደግሞ ከ5,300 ሜትር ይበልጣል። እምቢ በዪ፤ ወደ መጨረሻው ሳምንት አድርጉልኝ በዪ። ለነዚያ የድንበር አካባቢዎች የውጭ አገር ሰው ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የፓስፖርትሽንና የቪዛሽን ቅጂ ደርዘን ያህል ይዘሽ ሂጂ፤ ኬላ ላይ ይጠይቁሻል።

ስንቁን በተመለከተ በሶው ይግባ፤ አንድ ኪሎ ይበቃል። ላዳኮችም ገብስ ቆልተውና ፈጭተው በቅቤ ሻይ እያሹ ይበላሉ። በሶሽን ሲያዩ የራሳቸውን ምግብ ያዩ ያህል ይደሰታሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግብ ሲያስጠላሽ በሙቅ ውሃ በጥብጠሽ ጠጪው። ቆሎ ጨምሪ። ሽሮና በርበሬ ትንሽ ትንሽ ያዢ፤ የምትቀቅይው ምስር ግን ከማርቆስም ይዘገያል፣ ውሃ ሌህ ላይ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ለአስተናጋጆችሽ ስጦታ ተቆልቶ የተፈጨ ቡና ውሰጂ። ቋንጣው፣ ቅቤውና ጭኮው ይቅሩ። የሥጋና የወተት ውጤት ዴልሂ ጉምሩክ ላይ ጣጣ ያመጣል። የከብት ሥጋ ደግሞ ላም በሚከበርበት አገር ይዞ መግባት ደስ አይልም። የግብርና ሰው ነሽና አንድ ነገር ላክል። የጤፍም ሆነ የገብስ ዘር ለማሳየት ብለሽ ኪስሽ ውስጥ እንዳትከቺ። ያለ ዕፀዋት ጤና የምስክር ወረቀትና ያለ ፈቃድ ዘር ማስገባት ክልክል ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ፣ የምትጾሚ ከሆነ ሩዝና ምስር በየቦታው አለ፤ ወተትና ቅቤ እንዳይገባበት ግን ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ስልክን በሚመለከት ዴልሂ የምትገዢው ቅድመ ክፍያ ሲም ላዳክ ላይ አይሠራም። እዚያ ከመጣ ሰው ሁሉ የምሰማው ድንጋጤ ይኼ ነው። ማረፊያሽ ዋይፋይ እንዳለው ጠይቂ፤ እናትሽንም «ሁለትና ሦስት ቀን ድምፄ ቢጠፋ አትደንግጪ» በያቸው። የሳተላይት ስልክ ሕንድ ውስጥ ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነውና ማንም ቢያውስሽ አትቀበዪ። ሁለት ክብ እግር ያለው የእኛ ቻርጀር እዚያም ይሰካል። ፓወር ባንክ ያዢ፤ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳሽ። ብርድ ባትሪ ይጨርሳል። ማታ ስልክሽን ብርድ ልብሱ ውስጥ ይዘሽው ተኚ።

ክፍልሽ የሚሞቀው በእንጨት ወይም በጋዝ ምድጃ ከሆነ የከሰል ጭስ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ። ከመተኛትሽ በፊት አጥፊው፤ መስኮቱንም ትንሽ ገርበብ አድርጊ። ብርዱ ቢያማርርሽም እንዳትዘጊው።

ስለ 15 ኪሎው አትጨነቂ። ጫማውን ተጫሚ፣ ጃኬቱን በእጅሽ ያዢ፣ ጋቢውን ደርቢ። ዴልሂ ላይ ይሞቅሻል፤ ለአንድ ቀን ቻዪው። መድኃኒትሽ፣ አንድ ቅያሪ ልብስና የሱፍ ካልሲ በእጅ ቦርሳሽ ይሁኑ፤ ሻንጣ ቢዘገይ ሌህ ላይ ያለ እነሱ ማደር አይቻልም። በኅዳር የዴልሂ አየር በጭስ የታፈነ ነውና ጥሩ ማስክ ያስፈልግሻል። ስትመለሺ ደግሞ ከሌህ ተነስተሽ በዚያው ቀን የአዲስ አበባውን አውሮፕላን ለመያዝ አታቅጂ። የሌህ በረራ ጠዋት ጠዋት ነው፤ አየሩ ካስቸገረ ይሰረዛል። አንድ ቀን ትርፍ ይኑርሽ።

ይህን ሁሉ ከማድረግሽ በፊት ግን በዚህ ሳምንት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድሽን ፈልጊ። ሕንድ ከኢትዮጵያ የሚገባን ሰው ካርዱን ትጠይቃለች፤ ከሌለው እስከ 6 ቀን ለይታ ታቆየዋለች። ያኔ የሌህ በረራሽም ሥልጠናሽም ያመልጥሻል። ከዚህ በፊት ተከትበሽ ከሆነ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ካልተከተብሽ ክትባቱ ሕንድ ከመግባትሽ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። የት እንደሚሰጥ ጤና መምሪያ ጠይቂ። በካርዱ ላይ ያለው ስምሽ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆኑን እዚያው ቆመሽ አረጋግጪ፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ሳትወጪ አስተካክዪው።